ለግድብ የሚሆን የወንዝ ውሃ ሲሰላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሰንዳፋ እስከ ሆለታ፣ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ወንዞች ላይ የሚዘጋጁ የትንንሽ ግድብ ጥናቶችን ገልጦ ያየ ሰው አንድ ነገር አያመልጠውም። ለመሠረቱ ቁፋሮ፣ ለሸክላ አፈሩ ምርመራና ለጎርፍ ማስተንፈሻው ብዙ ገጽ ይሰጣል። ወንዙ በዓመት ስንት ውሃ ያመጣል ለሚለው ግን ሁለት ሦስት ገጽና አንድ ሰንጠረዥ ይበቃዋል። ያ ሰንጠረዥ ሲሳሳት የቀረው ሁሉ አብሮት ይሳሳታል። ግድቡ ያለ ልክ ይተልቃል፣ ቦዩ ያለ ልክ ይረዝማል፣ ውሃ ይደርስሃል የተባለው ገበሬም ጥር ላይ ችግኙን ይዞ ደረቅ ቦይ ዳር ይቆማል። ከታች ያሉት በየጥናቱ የሚደጋገሙ ስህተቶች ናቸው። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ እኩል ቦታ አልሰጠኋቸውም።

አማካዩን በእጅ እንዳለ ውሃ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ደጋግሞ ስለሚመጣም ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ተፋሰሱ 45 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ የ10 ዓመት መረጃ ያለው ወንዝ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለማስረጃ ያህል መርጫቸዋለሁ፣ መጠናቸው ግን ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ዓመታዊ ፍሰቱን ከትልቁ ወደ ትንሹ ስንደረድረው 21፣ 18፣ 17፣ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 9 እና 7 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። ድምሩ 136፣ አማካዩ 13.6 ሚሊዮን። ጀማሪው 13.6ን ይይዝና ቀጥታ ወደ መስኖ ስሌቱ ይሮጣል። ዝርዝሩን መልሳችሁ እዩት፤ ከ10ሩ ዓመት 13.6 ሚሊዮን የሞላው በ5ቱ ብቻ ነው። በአማካዩ የተነደፈ ግድብ እንግዲህ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ቃሉን ያጥፋል ማለት ነው። ገበሬው ደግሞ በአማካይ አይበላም፤ አንድ ዓመት ማሳው ከደረቀበት የመጪው ዓመት ትርፍ ውሃ ዕዳውን አይከፍልለትም።

መደረግ ያለበት ሥራ የግማሽ ቀን እንኳን አይፈጅም። ዓመታቱን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ፣ ለእያንዳንዱ የደረጃ ቁጥር ስጡ፣ የደረጃ ቁጥሩን ለዓመታቱ ብዛት ሲደመር 1 አካፍሉ። በምሳሌያችን 8ኛው፣ ማለትም 10 ሚሊዮኑ፣ 8 ሲካፈል ለ11፣ 72.7 በመቶ ይሆናል። 9ኛው፣ 9 ሚሊዮኑ፣ 81.8 በመቶ ነው። በመስኖ ሥራ በተለመደው የ80 በመቶ አስተማማኝነት፣ ማለትም ከ10 ዓመት በ8ቱ የሚሞላው ውሃ፣ በሁለቱ መካከል 9.2 ሚሊዮን ላይ ይወድቃል። ከአማካዩ ጋር ያለው ልዩነት 4.4 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። በበጋ አትክልት ለሚያለማ አንድ ሄክታር የቦዩን ብክነት ጨምሮ 8,000 ሜትር ኪዩብ ብንይዝ ይህ የ550 ሄክታር ውሃ ነው። በወረቀት ላይ ብቻ ያለ የ550 ሄክታር መስኖ ማለት ነው።

ለመጠጥ ውሃ ደግሞ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የ10 ዓመት መረጃ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው አስተማማኝነት 10 ሲካፈል ለ11፣ 90.9 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር ከ10 ዓመት መረጃ አወጣሁ የሚል ሪፖርት በስታቲስቲክስ ቀመር መስመሩን ጎትቶታል ማለት ነውና መጎተቱን በግልጽ መጻፍ አለበት። መረጃው የትኞቹን ዓመታት እንደሚይዝም እዩ። በአገራችን ድርቅ የጸናባቸው የ1976፣ የ1994 እና የ2007 ዓ.ም. ክረምቶች በመዝገቡ ውስጥ አሉ? ከሌሉ መዝገቡ ደጉን ዘመን ብቻ እያሳያችሁ ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያ ካለ ረጅም የዝናብ መዝገብ ጋር አዛምዱትና በእነዚያ ዓመታት ተፋሰሱ ላይ ምን ያህል እንደዘነበ ፈትሹ።

ዓመታዊው መጠን ራሱ የሚያገለግለው ውሃ አጠራቅሞ ለሚያሳድር ግድብ ብቻ ነው። ወንዙን በቀጥታ ጠልፎ ለመጠቀም ከሆነ የ80 በመቶው ስሌት ለየወሩ፣ ቢቻል ለየአሥር ቀኑ፣ ለየብቻው ይሠራል። የነሐሴ ውሃ የካቲት ላይ አይገኝም። ግድብም ቢሆን ከአቅሙ በላይ የመጣውን ውሃ በማስተንፈሻው ያሳልፋል እንጂ አያስቀምጥም። ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ ወር በወር የገባውን፣ የወጣውን፣ የተነነውን፣ የፈሰሰውን የሚያሳይ የውሃ ሒሳብ ሳይሠራ «የሚገኝ ውሃ» የሚባል ቁጥር መጻፍ አይገባም።

ወንዙን አንድ ቀን ለክቶ መመለስ

መኪና ተገኝቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሰዉ ሁሉ የሚወጣው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ያኔ ወንዙ ገና የክረምቱን እርጥበት እያንጠባጠበ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል። እውነተኛው ዝቅተኛ ፍሰት የሚታየው ከጥር እስከ ግንቦት መጀመሪያ ነው፤ በልግ ከዘነበ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይዛባል። ዝናብ ካቆመ ቢያንስ ሳምንት ያለፈውን ቀን ምረጡ።

ብርቱካን ጥሎ በሰዓት መለካት ነውር የለውም፤ ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ነፋስ አይገፋውም፣ ከሩቅም ይታያል። ስህተቱ ስሌቱ ላይ ነው። ወንዙ 3.2 ሜትር ስፋትና በአማካይ 0.28 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ብርቱካኑም 15 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ቢሄድ፣ የላይኛው ፍጥነት 0.6 ሜትር በሰከንድ ነው። ከታች ያለው ውሃ ግን ከላይኛው ይዘገያል፤ ስለዚህ በ0.85 ይባዛል። ፍሰቱ 0.46 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ገደማ ይሆናል። ማባዣውን የረሳ ሰው 0.54 ይጽፋል። እንደ እንጦጦ ሥር ጅረቶች አልጋው ድንጋያማና ውሃው ስስ ከሆነ ማባዣው ከ0.85ም ይወርዳል። ለዚያ ዓይነቱ ጅረት የተሻለው ዘዴ በጭቃና በላስቲክ ዙሪያውን ደፍኖ ባለ 90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ የተቆረጠ ላሜራ ማቆም ነው። ከጫፉ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ 12 ሊትር በሰከንድ ነው። ከፍታው የሚለካው ውሃው ቁልቁል መታጠፍ ከጀመረበት ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ራቅ ተብሎ ነው።

የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ጥሩ ነው፣ ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል። «አባቴ፣ ይሄ ወንዝ ደርቆ ያውቃል?» ከተባሉ እንግዳውን ላለማሳፈር «ኧረ አይደርቅም!» ይላሉ። «በክፉው ዓመት ከብቶቹን የት ወስዳችሁ ነበር የምታጠጡት?» በሏቸው። የሚጠሩት ቦታ ወንዙ ስለ መድረቁም፣ ውሃ እስከ ምን ወር እንደቆየና የትኛው ምንጭ እንዳልነጠፈም ይናገራል። በዙሪያችን ያለው ገበሬ አብዛኛው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ጳጉሜንን መጣል

ይህ የእኛ አገር ስህተት ነው፤ በውጭ መማሪያ መጽሐፍ አታገኙትም። የወንዝ ከፍታ አንባቢው መዝገቡን የሚሞላው በራሱ ዘመን አቆጣጠር ነው። ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው 12 ዓምድ ያለው ኤክሴል ይከፍታል፤ ጳጉሜን ቦታ አጥታ ትቀራለች። ጳጉሜን ደግሞ ወንዙ ገና ሙሉ የሆነበት ጊዜ ናት። በ5 ቀን ውስጥ በአማካይ 3 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ቢወርድ የጠፋው ውሃ 1.3 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይጠጋል። ከላይ በያዝነው ወንዝ ላይ ይህ የክፉው ዓመት ፍሰት ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ሐምሌን ጁላይ፣ ነሐሴን ኦገስት ብሎ መገልበጥ ነው። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ነው፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው። ፍሰቱ እንዲህ ከ6 እስከ 11 ቀን ተገፍቶ፣ ዝናቡ ግን በትክክለኛው ቀን ከቆየ ከዝናብ ፍሰትን የሚያሰላው ሞዴል ጎርፉን ከዝናቡ በፊት ያገኘዋል። ከዚያ ሰዉ ሳምንት ሙሉ የሞዴሉን መለኪያዎች ሲያሽከረክር ይከርማል። ዝናብና ፍሰትን በአንድ ሥዕል ላይ አስቀምጡ፤ ጎርፉ ዝናቡን በቋሚነት እየቀደመ ወይም በሳምንት እየዘገየ ከታየ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የቀን አቆጣጠሩን ይሁን። የ2007 ድርቅ ሲባልም በማን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ፤ የ2007 ዓ.ም. ክረምት በፈረንጆቹ 2015 ነው።

የዓመቱ ድምር የሚጀመርበት ወርም ይታሰብበት። መስከረም 1 ላይ ዓመቱን ከቆረጣችሁ የአንዱ ክረምት ዝናብ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ከእሱ የመነጨው የመስከረምና የጥቅምት ውሃ ሌላ ዓመት ውስጥ ይገባል። ወንዙ ገና ዝቅ ብሎ ባለበት በግንቦት መጨረሻ ቁረጡት።

ጠዋትና ማታ 12 ሰዓትን ለጎርፍ ወንዝ ማመን

በወንዝ መለኪያ ጣቢያዎቻችን የተለመደው በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት 12 እና ማታ 12 ሰዓት ማንበብ ነው። ለትልቅ ወንዝ ይበቃል። 40 እና 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሆነ ተፋሰስ ግን ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጥልና ጎርፉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደርሶ፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ያልቃል። ሌሊት የወረደ ጎርፍ ጨርሶ አይመዘገብም። ማታ 12 ላይ የተያዘ ጎርፍ ደግሞ በተቃራኒው ያብጣል።

ስሌቱን ተመልከቱ። ጠዋት 2 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ተነበበ፤ ማታ አንባቢው የውሃው ከፍታ የሚነበብበት ዘንግ ጋ ሲደርስ ጎርፉ ጫፍ ላይ ሆኖ 30 አገኘ። የቀኑ አማካይ 16 ተብሎ ይጻፍና በ86,400 ሰከንድ ሲባዛ 1.38 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይወጣል። ጎርፉ የቆየው ግን 3 ሰዓት ቢሆን፣ በቀሪው 21 ሰዓት 2 ቢፈስ፣ በእውነት የወረደው 475,000 ሜትር ኪዩብ ነው። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ቀኖች የአንድን ዓመት መዝገብ ያበላሻሉ።

አንባቢው ባልሄደበት ቀን የሞላውን ቁጥርም መለየት ይቻላል። 0.42፣ 0.42፣ 0.42 እያለ ሁለት ሳምንት የሚሄድ ሐምሌ የለም። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ በትንሽ ክፍያ ወንዝ ዳር የሚወርደውን ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት ክፍያው በወቅቱ ይደርሰው እንደሆነ ጠይቁ። መረጃውን ግን በርኅራኄ አትቀበሉት፤ አጠራጣሪውን ምልክት አድርጋችሁ አውጡት።

የከፍታና የፍሰት ማዛመጃውን ከተለካው በላይ መሳብ

ዘንጉ ላይ የሚነበበው ከፍታ እንጂ ፍሰት አይደለም። ከፍታውን ወደ ፍሰት የሚቀይረው ሬቲንግ ከርቭ የምንለው መስመር ነው፤ መስመሩ የሚሠራውም የውሃ ፍጥነት በሚለካ ከረንት ሜትር ወንዙ ውስጥ ተገብቶ ከተለኩ ነጥቦች ነው። ሰው ወንዝ ውስጥ የሚገባው ውሃው ጉልበቱን ሳያልፍ ስለሆነ ነጥቦቹ ሁሉ ታች ይከማቻሉ። ከፍተኛው ልኬት 1.1 ሜትር ላይ ሆኖ መዝገቡ 2.8 ሜትር ጎርፍ ይዟል እንበል። በ1.1 ሜትር ላይ ሁለቱም 5 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ገደማ የሚሰጡ ሁለት መስመሮችን ውሰዱ፤ ዜሮ ፍሰታቸው 0.2 ሜትር ላይ የሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከፍታ የሚነሣበት የኃይል ቁጥርም ለአንዱ 1.8 ለሌላው 2.2 የሆነ። በ2.8 ሜትር ላይ አንደኛው 33፣ ሁለተኛው 51 ይላል። ከታች ያሉት ነጥቦች የትኛው ትክክል እንደሆነ አይነግሯችሁም። የወንዙን ቅርጽ ከዳር እስከ ዳር እስከ ጎርፍ ምልክቱ ድረስ ቀይሱ፣ ተዳፋቱን ለኩ፣ ከእነዚህ ፍሰትን በሚያሰላው የማኒንግ ቀመር የላይኛውን ጫፍ ፈትሹ። ድልድይ ካለ ደግሞ ክረምት ላይ ከድልድዩ ላይ ሜትሩን በገመድ አውርዱ።

መስመሩ ለዘላለም አይሠራም። አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ከዘንጉ በታች አልጋውን ይቆፍራሉ፤ ሌላው ለመሻገሪያ ድንጋይ ይደረድራል፤ ክረምቱ ራሱ ጠጠሩን ያንከባልላል። የዘንጉ ዜሮ ተነቅሎ ሲተከል 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የበጋው ፍሰት በሙሉ ውሸት ይሆናል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ተቀይሶ ይረጋገጥ።

የጎረቤትን ወንዝ ቁጥር በስፋት ማባዛት

መለኪያ የሌለው ወንዝ ላይ ስትሠሩ ከሌላ ጣቢያ መዋስ የግድ ነው። ብድሩ የሚሠራው ግን ተፋሰሶቹ ሲመሳሰሉና የስፋታቸው ልዩነት ከግማሽ ሳያልፍ ነው። 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚያካልል ጣቢያ ወስዶ ለ30 ካሬ ኪሎ ሜትር ማካፈል ጥናት አይባልም። የዝናቡንም ልዩነት አስገቡ። የአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ያልፋል፤ አቃቂ ሜዳ ከሁለቱም ዝቅ ይላል። ሦስቱ አንድ ዓይነት አይዘንብባቸውም። የእንጦጦ ሸንተረር ራሱ ውሃ ከፋይ ነው፤ በደቡብ የወረደው በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ፣ በሰሜን ሱሉልታ ላይ የወረደው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በካርታ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ስለተራራቁ ብቻ ወንድማማች ወንዞች ናቸው ማለት አይቻልም።

ወሰኑን ከኮምፒውተር ብቻ መውሰድ

የሳተላይት ከፍታ መረጃ በተራራ ላይ ደህና ነው። ሱሉልታን በመሰለ ሜዳ ላይ ግን የአንድ ሜትር ስህተት የተፋሰሱን ወሰን በኪሎ ሜትር ይገፋዋል። የአስፋልት መንገድ ሙሌት ውሃውን በአንድ ቱቦ ሰብስቦ ወደ ሌላ ጅረት ይወስዳል፤ ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅም። በክረምት ዝናብ መሀል ወሰኑን በእግር ሂዱበት። የቆየውን ባለ 1:50,000 ካርታ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው አዲንዳን በሚባል፣ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት በተለየ የካርታ መነሻ የተሠራ ነው። በስልካችሁ ጂፒኤስ ያገኛችሁትን ነጥብ ሳትቀይሩ ብታሰፍሩት 200 ሜትር ገደማ ይስታል፤ የግድቡን መስመር ከገባር ወንዙ በላይ ወይም በታች ለማድረግ ይህ ይበቃል።

ጥቁር አፈርን እንደ ማንኛውም አፈር መቁጠር

በሰንዳፋ፣ በአቃቂና በሱሉልታ ሜዳ ያለው መረሬ አፈር ከዓመት ዓመት የሚያሳየውን ጠባይ ያላጤነ ሰው የውሃ ስሌቱን ባይነካው ይሻላል። ግንቦት ላይ አፈሩ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል። ሰኔ መጀመሪያ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል፤ ወንዙ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ሐምሌ ሲጋመስ አፈሩ አብጦ ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ነሐሴ ላይ ያው 40 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ሜዳው እንደ ሲሚንቶ ወለል ይሆንና አብዛኛው ወደ ወንዝ ይነዳል።

ጀማሪዎች እዚህ ላይ ከዘነበው ወደ ወንዝ የሚሄደውን ድርሻ የሚያሳይ አንድ የፍሳሽ ቁጥር፣ 0.3 ወይም 0.4፣ ለዓመቱ በሙሉ ከሰንጠረዥ ያነሡና በዓመታዊው ዝናብ ያባዛሉ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚመጣው የድልድይና የቱቦ ጎርፍ ለማስላት ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነው። ያ ቁጥር የአንድን ከባድ ዝናብ የጎርፍ ጫፍ ለማግኘት የተበጀ ስለሆነ የዓመት የውሃ መጠን አያወጣም። በ45 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር 45,000 ሜትር ኪዩብ ነው። በ1,150 ሚሊ ሜትር ዓመታዊ ዝናብ የቁጥሩ ከ0.3 ወደ 0.4 መውጣት ብቻ 5.2 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ከባዶ ይፈጥራል። የምሳሌያችን ወንዝ በአማካይ 13.6 ሚሊዮን የሚያመጣ ከሆነ ቁጥሩ 0.26 ነው።

ስለዚህ ስሌቱን በቀን ወይም በአሥር ቀን አድርጉት፤ የአፈሩን እርጥበት ከቀን ወደ ቀን የሚያሻግር ሒሳብ ይኑረው። ሰኔንና ነሐሴን አትደባልቁ። ክረምቱ ዘግይቶ በሚገባበት ዓመት የጠቅላላው ዝናብ ጉድለት ትንሽ ቢመስልም የፍሰቱ ጉድለት ከዚያ ይብሳል፤ አፈሩ መጀመሪያ ድርሻውን ጠጥቶ ስለሚጨርስ ነው።

የጎደለውን በአማካይ መሙላት

መረጃ በዘፈቀደ አይጎድልም፤ ጎርፍ ዘንጉን ሲወስደው ይጎድላል። የነሐሴን ክፍተት በነሐሴ አማካይ መሙላት ትልቁን ጎርፍ ከመዝገቡ መፋቅ ነው። በአጎራባች ጣቢያና በዝናብ አዛምዳችሁ ሙሉ፣ የተሞላውን በሌላ ቀለም አሳዩ፣ ከዓመቱ ሩብ ያህሉ የጎደለበትን ዓመት ተዉት።

የሰው ውሃን የወንዝ ውሃ ብሎ መያዝ

አቃቂን በበጋ ያየ ሰው «ምነው፣ ሙሉ ነው እኮ!» ይላል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ከተማው ከሌላ ቦታ አምጥቶ ተጠቅሞ የለቀቀው ፍሳሽ ነው። መጠኑ አለ፤ ለጎመን ማጠጫ እንኳ የሚያሰጋ ጥራት ነው ያለው። ከከተማው በታች የተለካ የበጋ ፍሰትን ከከተማው በላይ ወዳለ ግድብ መውሰድ ድርብ ስህተት ነው።

በላይ በኩል ደግሞ ገፈርሳ በትንሹ አቃቂ፣ ለገዳዲና ድሬ በትልቁ አቃቂ ራስጌ ውሃውን ይዘውታል። ከእነሱ በታች ያለ ጣቢያ የሚመዘግበው የተረፈውን ነው። የተያዘውን ሳትደምሩ የዝናብና የፍሰት ሞዴል ብታስተካክሉበት ተፋሰሱ ደረቅ ነው ብላችሁ ትደመድማላችሁ። የአበባ እርሻዎችንና የገበሬውን የውሃ ሞተሮችም ቁጠሩ። በየካቲት ወር ወንዙን ሽቅብ ተከትላችሁ በየቱቦው የሚወጣውን ሊትር በሰከንድና በቀን የሚሠሩበትን ሰዓት መዝግቡ። አምስት ሊትር በሰከንድ የሚስቡ አሥር ሞተሮች 50 ሊትር በሰከንድ ናቸው፤ የትንሽ ወንዝ የበጋ ፍሰት በሙሉ ያ ሊሆን ይችላል።

ከገባው ላይ የሚወጣውን አለመቀነስ

የምሳሌያችንን 9.2 ሚሊዮን እንቀጥልበት። ሐይቁ በበጋው በአማካይ 60 ሄክታር ቢሰፋ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ትነት የበልጉ ዝናብ ተቀንሶለት 0.7 ሜትር ቢሆን፣ 420,000 ሜትር ኪዩብ በአየር ይሄዳል። ከግድቡ በታች ላሉ ሰዎችና ለወንዙ ሕይወት ያለማቋረጥ 50 ሊትር በሰከንድ ቢለቀቅ በዓመት 1.58 ሚሊዮን ነው። የቀረው 7.2 ሚሊዮን፤ መነሻ ከነበረው አማካይ ግማሹን ትንሽ ያለፈ። ስርገቱ ገና አልተነካም። በዙሪያችን ያለው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ የተሰነጠቀ ባዛልት አለ፣ በአቃቂ በኩል ደግሞ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ጠጠር ውሃ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። በየጉድጓዱ የውሃ ማስረግ ሙከራ ሳይደረግ ስርገት ዜሮ ነው ማለት አይቻልም።

ደለሉ ደግሞ ውሃውን ሳይሆን ማስቀመጫውን ይበላል። ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት 1,000 ቶን አፈር መውረዱ በታረሰ ደጋ ላይ ያልተለመደ አይደለም። ለ45 ካሬ ኪሎ ሜትር 45,000 ቶን፤ ለአንድ ሜትር ኪዩብ 1.2 ቶን ብንይዝ በዓመት 37,500 ሜትር ኪዩብ፣ በ30 ዓመት ከ1.1 ሚሊዮን በላይ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አቃቂ ላይ የተሠራውን አባ ሳሙኤልን ሄዳችሁ እዩ፤ ደለልና እምቦጭ የማስቀመጫውን ስንት እጅ እንደወሰዱ ዳር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ደለሉ ከውሃ መውጫው በታች ባለው፣ ሙት ክምችት በሚባለው ቦታ ብቻ ይተኛል ብላችሁም አትመኑ፤ ሻካራው አሸዋ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ራስጌ ላይ፣ ከሚጠቅመው ክምችት ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

መለኪያ አሃድ

1 ሊትር በሰከንድ ዓመቱን ሙሉ 31,536 ሜትር ኪዩብ ነው። ይህን ቁጥር በቃል ያዙ፤ የሺህ እጥፍ ስህተት ወዲያው ይታያችኋል።

ጥናቱ ሲጀመር ዘንግ አለመትከል

ከመጀመሪያው የቦታ ጉብኝት እስከ መጨረሻው ንድፍ ሁለት ሦስት ክረምት ማለፉ የተለመደ ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉ ግድቡ የሚሠራበት ቦታ ላይ አንድም ልኬት ሳይወሰድ ሰዉ በብድር ቁጥር ይከራከራል። የሁለት ዓመት የራስ መዝገብ አስተማማኝነት አያወጣም፤ ነገር ግን ከጎረቤት ወንዝ የተዋሳችሁትን ያስተካክላል፣ የጥቁር አፈሩን ጠባይ ያሳያል፣ የበጋውን ወለል ይሰጣል።

ቦታው ቀጥ ያለ፣ ከታቹ ውሃውን የሚገታ የድንጋይ አልጋ ያለበት ይሁን፤ አሸዋ ከሚቆፈርበት ራቁ። የዘንጉ የመጀመሪያ ሰሌዳ ዜሮ ከበጋው ዝቅተኛ ውሃ በታች ይግባ፤ የመጨረሻው የአካባቢው ሰው ከሚያሳየው የጎርፍ ምልክት በላይ ይውጣ። ቁመቱን ከማይነቃነቅ አለት ወይም ከድልድይ ምሰሶ ጋር አስሩና በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ዘንጉ ቢወሰድ ዜሮው ከዚያ ይመለሳል። በራሱ የሚመዘግብ የግፊት መለኪያ ከገዛችሁ የአየሩን ግፊት የሚመዘግብ ሁለተኛ መሣሪያ ጨምሩ፤ አለበለዚያ የአየር ግፊት ለውጥ የውሃ ከፍታ መስሎ ይገባል፤ በበጋ ስስ ውሃ ላይ ያ ስህተት ትንሽ አይደለም። ፍሰቱን በዓመት ቢያንስ አሥራ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ከነዚህ ስድስቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሁኑ። አንባቢ የምትቀጥሩት ቤቱ ለወንዙ የቀረበ ሰው ይሁን፤ መዝገቡ ጳጉሜን የምትጻፍበት ቦታ ይኑረው፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ከ12 ሰዓቱ ውጭ ወርዶ ላነበበው የተለየ ክፍያ መድቡለት።